ለበር ማዶ እድር ሊቀመንበር፦ በድምፅ ብልጫ ስለተመረጠው ፊውዝ

ሐረር፣ ታኅሣሥ 9 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለክቡር ሻለቃ ኤርሚያስ
የበር ማዶ መረዳጃ እድር ሊቀመንበር

ክቡር ሆይ፣

ከሁሉ አስቀድሜ የወገብዎን፣ የጉልበትዎንና የደም ግፊትዎን ጤንነት በየተራ፣ በታላቅ አክብሮት እጠይቃለሁ። እኔ የወይዘሮ ለተማርያም ልጅ ወልደሚካኤል፣ ሸዋ በር አጠገብ የመኪና ኤሌክትሪክ ስጠግን ሃያ ሁለት ዓመት የሞላኝ ተራ አባልዎ፣ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነኝ፤ ደህና ያልሆነው ሚኒባሳችን ነው። ይህንኑ በቃል ሦስት ጊዜ፣ በጽሑፍ ሁለት ጊዜ አመልክቼ ሁነኛ መልስ ስላጣሁ፣ ምናልባት ብቻዎን ማንበብ ሰልችቶዎት ከሆነ ከሕዝብ ጋር ያነቡት ዘንድ ደብዳቤዬን በግልጽ ለመጻፍ ተገድጃለሁ።

ጉዳዩን ለማያውቅ አንባቢ፦ ሚኒባሱ እድራችን አስከሬንና ለቀስተኛ የሚያመላልስበት ነው። የቀድሞ ባለቤቱ ከኋላ ጎማዎቹ በላይ ሁለት የአየር ከረጢቶች አስገጥሞለታል፤ እነሱን የሚነፋው ከወለሉ ሥር የታሰረ፣ በባትሪ የሚሠራ ትንሽ ኮምፕሬሰር ነው። ከሁለት ወር ወዲህ የኮምፕሬሰሩ ፊውዝ በየጉዞው ይቃጠላል፤ ፊውዙ ሲቃጠል ከረጢቱ ይተነፍሳል፤ ከረጢቱ ሲተነፍስ መኪናው ሊጫን እንደቀረበ ግመል ይንበረከካል። ታኅሣሥ 18 ደግሞ ይኸው መኪና አሥራ ሁለት አረጋውያን አባሎቻችንን፣ ከእነሱም መካከል እናቴን ጭኖ ቁልቢ ገብርኤል ሊወጣ ነው። ቅሬታዎቼ እነሆ።

አንደኛ፦ ፊውዙ ለሁለተኛ ጊዜ በተቃጠለ ማግስት ሥራ አስፈጻሚው ተሰብስቦ በጉዳዩ ላይ ድምፅ መስጠቱን ከቃለ ጉባኤው አንብቤ በዴሞክራሲያችን ኮርቻለሁ። የንብረት ክፍል ኃላፊው አቶ ሚልኪያስ፣ ሠላሳ አምስት ዓመት ጂኦግራፊ ያስተማሩ የተከበሩ ሰው፣ “የሚቃጠለው ትንሽ ስለሆነ ነው፤ ትልቅ ይግባ” የሚል ሐሳብ አቅርበው፣ ባለ አሥራ አምስት አምፔሩ ተሽሮ ባለ ሃያው በስድስት ድጋፍና በአንድ ተቃውሞ ተመርጧል። ተቃዋሚዋ ገንዘብ ያዣችን ወይዘሮ ሥርጉት ሲሆኑ፣ “ግን ለምንድነው የሚቃጠለው?” ብለው በመጠየቃቸው ጥያቄው በአጀንዳ ያልተያዘ መሆኑ በትሕትና ተነግሯቸዋል። ሃያው በሳምንቱ ሲነድ ባለ ሠላሳው በጭብጨባ ተሾመ። ኤሌክትሪክ ግን መዋጮ ከፍሎ የማያውቅ ስለሆነ ለውሳኔው አልተገዛም፤ ሠላሳውንም አቃጠለው።

ሁለተኛ፦ ሾፌራችን ዮሲ ፊውዝ ሲገዛ ሲመላለስ፣ መለዋወጫ የምትሸጠው ሙና በሱቋ ሙሉ ሰው ፊት “ወላሂ ዮሲ፣ እዚያ እድር ፊውዝ ነው እንዴ የምትቅሙት?” ስላለችው፣ አቶ ሚልኪያስ የእድሩን ክብር ለማስጠበቅ ሲሉ ከአበባ ጉንጉን የተረፈ ሽቦ ቆርጠው በፊውዙ ቦታ ሰኩበት። ከዚያ ወዲህ እንዳልተቃጠለም ለጉባኤው አበሠሩ። እውነታቸውን ነው። ዘበኛውን ያባረረ ሰውም ከዚያ ወዲህ “ሌባ!” የሚል ጩኸት አይሰማም።

ክቡር ሻለቃ፣ ፊውዝ የሚቀመጠው ከገመዱ ቀድሞ እንዲሞት ነው። እሱን አንሥተው ሽቦ ከሰኩ፣ ተራው የገመዱ ነው። ገመዱም በኋለኛው የግራ ወንበር ሥር፣ ከነዳጁ ቱቦ አንድ ስንዝር ርቆ ያልፋል። ባለፈው አርብ ከቀብር ሲመለሱ እዚያው ወንበር ላይ የነበሩት አባላችን ወይዘሮ የሺ “ላስቲክ ማን ነው የሚያቃጥለው?” ሲሉ፣ ሽታው ከመንገድ የመጣ መስሎት አንድ ደግ ሰው መስኮቱን ዘግቶላቸዋል።

ሦስተኛ፦ ማንም ባያዘኝም እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ከዮሲ ጋር መኪናው ሥር ገባሁ። ሽቦውን አውጥቼ የሚገባውን ባለ አሥራ አምስት ፊውዝ መለስኩ። ኮምፕሬሰሩን ከገመዱ ነቅዬ ብሞክር ፊውዙ ጸና፤ ስለዚህ ገመዱ ገና ጤነኛ ነው። የአየር ቱቦውን ነቅዬ ኮምፕሬሰሩን ብቻውን ባዞረው አሁንም ጸና፤ ስለዚህ ሞተሩም አልሞተም። ቱቦውን ስመልሰው ግን መንፋት ጀመረ፤ አላቆመም። ዮሲ ጆሮውን ደቅኖ “አቦ፣ ይሄ ነገር እረፍት የሚባል አያውቅም እንዴ?” አለኝ። በአሥራ አንደኛው ደቂቃ ፊውዙ ተቃጠለ። የሳሙና ውኃ አምጥተን የግራውን ከረጢት ብንቀባው ከእጥፋቱ ላይ አረፋ ተንተከተከ። ነገሩ ይኸው ነው፤ ከረጢቱ ተሰንጥቋል፣ ኮምፕሬሰሩ ቀዳዳ እንስራ ሲሞላ ይውላል፣ ሞተሩ ይግላል፣ ሲግል ከአቅሙ በላይ ኤሌክትሪክ ይስባል። ጥፋተኛው ከረጢቱ ሆኖ ሳለ ሁለት ወር ሙሉ የቀጣነው ፊውዙን ነው። ልኩ የሆነ ከረጢት ሙና ሱቅ አለ፤ ሥራው የግማሽ ቀን ነው፤ ጉልበቱን በነጻ ልሰጥ ለዮሲ ነግሬ ወጣሁ።

ሰኞ ጠዋት አቶ ሚልኪያስ ሽቦውን መልሰው ሰኩት፤ ለእኔም የእድር ንብረት ያለ ፈቃድ ስለመንካቴ ማኅተም ያለው ማስጠንቀቂያ ደረሰኝ። ማኅተሙ በጣም ጥርት ብሎ የተመታ ስለነበረ አመሰግናለሁ።

አራተኛ፦ ከረጢቱ ይቀየር ስል በጸሐፊው በኩል የሰጡኝ መልስ፣ ይህ በደንባችን “ጥገና” ሳይሆን “ለውጥ” ስለሆነ ከአባላቱ ሁለት ሦስተኛው የተገኙበት ጠቅላላ ጉባኤ ያስፈልገዋል የሚል ነው። ሽቦው “ጊዜያዊ መፍትሔ” ስለሆነ ጉባኤ አላስፈለገውም። ደንቡን አከብራለሁ። ነገር ግን በእድሩ አባልነት ባሳለፍኳቸው አሥራ አራት ዓመታት ሁለት ሦስተኛው አባል ባንድ ቦታ ሲገኝ ያየሁት ቀብር ላይ ብቻ ነው። እንግዲህ ኮረም እንዲሞላ ማን ይሙት? አስበውበት ከሆነ ስሙን ይንገሩን፤ እኔ በበኩሌ እናቴን ለኮረም አላዋጣም።

አምስተኛ፦ እዚህ ላይ ጨዋነቴን ለጥቂት መስመር ወዲያ አኖረዋለሁ። እናቴን ቅሪ ብያታለሁ። ዓይኗ በተከፈተላት ዓመት የተሳለችው ስለት አለባት፤ “የገብርኤልን ስለት በፊውዝ አላስቀርም” ብላኛለች። በሕዝብ አውቶቡስ ተጋፍታ እንዳትሄድ ጉልበቷ አይችልም፤ ከዘንድሮ በኋላም የሚችል አይመስለኝም። ስለዚህ እርስዎ “ይህ ነው መኪናው” ካሏት ትሳፈራለች፣ ምክንያቱም ሻለቃው ያውቃል ብላ ታምናለች። ደንገጎ ዳገት ላይ ወለሉ ቢነድ ከአሥራ ሁለቱ ራሱን ችሎ በመስኮት የሚወጣ አንድም የለም። ይህንን ያውቃሉ። ነግሬዎታለሁ። ከዛሬ ጀምሮ አላወቅሁም ማለት አይችሉም።

የምለምነውም አጭር ነው፤ ሽቦው ይውጣ፣ ከረጢቱ ይቀየር፣ ባለ አሥራ አምስቱ ይመለስ።

ለሰጡኝ ትዕግሥት፣ ለዝምታዎም፣ በተለይም ለማስጠንቀቂያው ያለኝን የከበረ ምስጋና እየገለጽኩ፣ እስከ ታኅሣሥ 17 ምሽት ድረስ ብቻ

ታዛዥዎ
ወልደሚካኤል፣ የመኪና ኤሌክትሪክ ሠራተኛ

ግልባጭ፦
ለአሥራ ሁለቱ ተጓዦችና ለልጆቻቸው፤ በተለይ ለልጆቻቸው

ድኅረ ጽሑፍ፦ እርስዎ ወደ ቁልቢ የሚወጡት በወንድምዎ ልጅ መኪና መሆኑን ሰምቼ እድሩ ሊቀመንበሩን እንዲህ ማግለሉ አሳዝኖኛል። ስለዚህ ከሚኒባሱ የኋለኛውን የግራ ወንበር በስምዎ ይዤልዎታለሁ፤ እናቴም ወገብዎ እንዳይታመም ትራስ ሰፍታልዎታለች። በጉዞ ላይ ከሥርዎ ሙቀት ከተሰማዎት እባክዎ ጮክ ብለው ለዮሲ ይንገሩት። እዚያ ቦታ እናቴ ብትቀመጥ ኖሮ ሰው እንዳታስቸግር አፍራ ዝም ትል ነበር።