ከፔኒሲሊኑ የተረፉት

ፍራንክፈርት፣ ጁላይ 1997

ውድ ጋሽ ተኽለ፣

ከረን በሰላም መግባትዎን ከጎረቤትዎ ከወይዘሮ ዓዚዛ ሰማሁ፤ ደስ አለኝ። ይህን ደብዳቤ ሦስት ጊዜ ጀምሬ ሦስት ጊዜ ቀድጄዋለሁ። ፊት ለፊት ያልወጣኝ ይቅርታ በወረቀትም አልቀለለኝም።

ያቺን የጥቅምት ሰኞ አይረሷትም። እኔ ገና የዶክትሬት ተማሪ ነበርኩ፤ እርስዎ በላቦራቶሪያችን ሃያ ዓመት የሠሩ ላቦራንት። ጉሮሮ የሚያሳምመው ስትሬፕቶኮከስ የሰውን ሴል እንዴት እንደሚይዝ እናጠና ነበር። ባክቴሪያውን ከጉሮሮ ሴሎች ጋር እናቆየዋለን፣ ፔኒሲሊን እናፈስበታለን፣ እናጥባለን፤ በመጨረሻ ሴሎቹን አፍርሰን ምግብ ባለበት ሰሃን ላይ እንቀባለን። እኔ የተማርኩት ይህ ባክቴሪያ ሴሉ ላይ ይጣበቃል እንጂ ውስጥ አይገባም ተብዬ ነው። ስለዚህ ፔኒሲሊኑ ሁሉንም ገድሎ ሰሃኑ ባዶ መሆን ነበረበት። ባዶ አልነበረም። ነጫጭ ነጠብጣብ በቅሎበታል።

በዕለቱ ስብሰባ ላይ አለቃችን ፍራው ዶክተር ፎግት፣ "ማን ነው ያጠበው?" ብለው ጠየቁ።

"ሄር ተኽለ" አልኩ።

ግማሹን ያጠብኩት እኔ ራሴ ነበርኩ። እርስዎም ያውቃሉ። ፌርትራግዎ፣ የሥራ ውልዎ፣ ለገና በዓል እንደሚያልቅና ይታደስ አይታደስ የሚወስኑት እኚሁ ሴትዮ እንደሆኑ ደግሞ ሁላችንም እናውቅ ነበር። እርስዎ ቀና ብለው አዩኝ።

በማግስቱ ስገባ ሰሃኖቹን ጠረጴዛ ላይ ደርድረው ጠበቁኝ። ቁጣ ነበር የጠበቅኩት።

"ነይ ዕንቁ፣ ተቀመጪ። ይሄ ሴል ያለበት ነው። ይሄኛው ሴል የሌለበት፤ ባክቴሪያና ፔኒሲሊን ብቻ። ሁለቱንም ያጠበው አንድ እጅ ነው። ምን ይታይሻል?"

ሁለተኛው ንጹሕ ነበር።

"አጠባው ተበላሽቶ ቢሆን ሁለቱም ላይ በበቀለ። እነዚህ የተረፉት ፔኒሲሊኑ የማይደርስበት መደበቂያ አግኝተው ነው። ውስጥ ገብተዋል፣ ልጄ።"

"አይገቡም እኮ ጋሽ ተኽለ፣ መጽሐፉ . . ."

"መጽሐፉን የጻፈው ሰው ይሄን ሰሃን አላየም።"

ሙከራውን አራት ጊዜ ደገሙት። አንድም ጊዜ "ስሜን አጠፋሽ" አላሉኝም። ለካ በሌሎች አገሮችም ይኸው ነገር መታየት ጀምሮ ነበር፤ እርስዎ ግን ሳያነቡ፣ በዓይንዎ ብቻ ደረሱበት።

በኅዳር ከኤሌክትሮን ማይክሮስኮፑ ፎቶው መጣ። ባክቴሪያዎቹ ሰንሰለት ሠርተዋል፤ የሴሉ ሽፋን ደግሞ እንደ ክንድ ተዘርግቶ አንዱን አቅፎታል። ሰብሮ የገባ አይመስልም፤ ተቀብለው ያስገቡት እንጂ። ባክቴሪያው ላዩ ላይ ባለ ፕሮቲን የእኛኑ ሰውነት ማያያዣ፣ ፋይብሮኔክቲንን፣ ጨብጦ ይቀርባል፤ ሴሉም የራሱ ወገን የመጣ መስሎት ይስበዋል። ያ ፕሮቲን የሌለው ዝርያ ግን ውጭ ቀርቶ በፔኒሲሊኑ አለቀ። ፎቶውን አገላብጠው አዩትና "አቤት ብልጠት!" ብለው ሳቁ። ጠላቱን እንዲህ የሚያደንቅ ሰው አይቼ አላውቅም።

በሚቀጥለው ስብሰባ ተነሣሁ። "ያን ቀን ግማሹን ያጠብኩት እኔ ነኝ። ስህተት አለመሆኑን ያየው ደግሞ ሄር ተኽለ ነው" አልኩ። ፍራው ዶክተር ፎግት ጠመኔውን ወደ እርስዎ ዘረጉ። "እንግዲያው እርስዎ ያስረዱን።" የጋዋንዎን ቁልፍ ቆልፈው ወደ ሰሌዳው ሲሄዱ ቁመትዎ የጨመረ መሰለኝ። ፌርትራግዎም እስከ ጡረታዎ ታደሰ።

ያን ዕለት ከሥራ ስንወጣ ቤቴ ኖርድኤንድ ሆኖ ሳለ እስከ እርስዎ ሰፈር፣ እስከ ሮደልሃይም፣ በባቡር አብሬዎት ተሳፈርኩ። "ለምን አልተቆጡኝም?" አልኩ።

"ፍረወይኒ የምትባል ታናሽ እህት ነበረችኝ" አሉ። "ጉሮሮዋን ታመመች፤ ፔኒሲሊን ወስዳ ተሻላት። በወሩ አገረሸባት። ደግሞ ወሰደች፤ ደግሞ አገረሸባት። በኋላ ልቧን ያዛትና ሞተች። ሐኪሙ እናቴን 'ክኒኑን በትክክል ሳትሰጪያት ነው' አላት። ሰጥታታለች፤ አጠገቧ ነበርኩ። እሷ ግን እሱን አመነች። ይኸው ሠላሳ አምስት ዓመት 'እኔ ነኝ የገደልኳት' እንዳለች ነው።"

"ታዲያ ያገረሸባት ባክቴሪያው ሴል ውስጥ እየተደበቀ ነው ማለት ነው?"

"ነው አላልኩም። ሊሆን ይችላል ነው የምለው። ለእናቴ 'ሊሆን ይችላል' ራሱ ብዙ ነው።" ከዚያ ትከሻዬን ቸብ አደረጉኝ። "አንቺ በወርሽ ቆመሽ ጥፋትሽን አመንሽ። ያ ሐኪም እስከ ዛሬ አልመጣም። አጆኺ፣ አይዞሽ!"

እኔ ያን ዕለት እንኳ "ይቅር ይበሉኝ" ማለት አቅቶኝ ወረድኩ። አሁን እላለሁ፦ ይቅር ይበሉኝ፣ ጋሽ ተኽለ። ማየትን ያስተማሩኝ እርስዎ ነዎት።

አሁን እናትዎ ዘንድ ነዎት። ያን 'ሊሆን ይችላል' ነገሯቸው? እጃቸውን ይሳሙልኝና ምን እንዳሉ ይጻፉልኝ።

አክባሪዎ፣
ዕንቁ ሳህሉ