ብቻዬን የሰፈር ሕዝብ ስለ መሆኔ

ለክቡር የነዋሪዎች ቆጠራ ኮሚቴ ሰብሳቢ
ወልቂጤ

ክቡር ሆይ፣

እርስዎ፣ ቤተሰብዎና በተለይም የሒሳብ ማሽንዎ እንደምን ሰንብተዋል? እኔ፣ ማለትም መላው የዝግባ ሰፈር ሕዝብ፣ እግዚአብሔር ይመስገን፣ ደህና ነኝ። ከቀኝ ጉልበቴ በቀር በሰፈሩ የታመመ የለም።

ይህን ክብር ያገኘሁት በመስቀል ሳምንት ባካሄዱት ቆጠራ ነው። ጎረቤቶቼ እንደ ወትሯቸው በራቸውን ቆልፈው ለመስቀል አገር ቤት ገብተው ነበር፤ ባለ ሱቋ ሳሌሃም ገዢ ስታጣ ዘግታ ቡታጅራ እህቷ ዘንድ ሄደች። እኔ ግን በመምህርነት ከደብረ ብርሃን መጥቼ እዚሁ ያረጀሁ ነኝና ከነጉልበቴ ቤቴ ቀረሁ። ቆጣሪዎችዎም ቁልፍ ባዩበት በር ሁሉ ላይ «ነዋሪ የለም» ብለው በጠመኔ ጻፉ። ሰዎቹ ክትፏቸውን በልተው እንደሚመለሱ በትሕትና ባስረዳም፣ አንዷ «እማማ፣ እኛ የምንቆጥረው ያለውን ሰው ነው፤ የሚበላውን አይደለም» ብላ አሰናበተችኝ።

ስለዚህ ከታላቅ ምስጋና ጋር ቅሬታዎቼን አቀርባለሁ።

አንደኛ፣ ጎረቤቶቼ ተመልሰው አለመኖራቸውን ከሰሙ ወዲህ መቀለጃ አድርገውኛል። ውድነሽ በየጠዋቱ አጥሩን ተደግፋ «የዝግባ ሕዝብ እንዴት አደሩ? ዛሬስ እርስ በርስዎ ተስማሙ?» ትለኛለች። ቴዎድሮስ ደግሞ ዶሮው ብትጠፋበት፣ በሰፈሩ ሌላ የሚጠረጠር ሰው የለም ብሎ፣ ይቅርታ እየጠየቀ ድስቴን ሊፈትሽ መጣ። በሳቅ ሞቼ የሰፈሩን ሕዝብ ልጨርሰው ነበር።

ሁለተኛ፣ በዚያው ሳምንት መናኸሪያው ውስጥ ሻንጣው ላይ ተቀምጦ የጉንችሬና የአገና ሚኒባስ ይጠብቅ የነበረውን ከአዲስ አበባ ለመስቀል የመጣ መንገደኛ በሙሉ የከተማችን ነዋሪ አድርገውታል። እንግዳ ተቀባይነትዎ ያስደንቃል። መንገደኛው ግን የተሰጠውን ክብር ሳያውቅ፣ ረዳቱ «የሞላ! የሞላ!» ሲል ከነነዋሪነቱ ተሳፍሮ ሄዷል።

ሦስተኛው ቅሬታዬ ሳቄን ያቋረጠው ነው። በዚሁ ቁጥር መሠረት የሰፈራችን ቦኖ ውሃ ሰኞ ተነቅሎ ሕዝብ ወደ በዛበት ወደ መናኸሪያው እንዲዛወር ወስነዋል፤ ለአንዲት አሮጊት አንድ ቦኖ ይበዛል በማለት። በእርግጥ ይበዛብኛል። ነገር ግን እነዚህ የሌሉ ሰዎች ይጠማቸዋል፤ የሌሉ ልጆቻቸውም ጭቃ ይዘው ይገባሉ። ሌላው ቦኖ ከዳገቱ ማዶ ነው፤ ጎረቤቴ ሰልሚያ፣ በእርስዎ አቆጣጠር የሌለች ሴት የሌለ ልጅ አርግዛ፣ ወሯ ገብቷል፤ ያንን ዳገት ጀሪካን አዝላ ልትወጣው ነው።

የምለምንዎት ትንሽ ነገር ነው፤ ቦኖው ባለበት ይቆይና መስቀልም አረፋም ባልሆነ ተራ ቀን እንደገና ይቁጠሩን። ባስተማርኩበት ዘመን ሁሉ፣ ለሽንት የወጣ ተማሪ ሳይመለስ ወንበሩን ለሌላ ሰጥቼ አላውቅም።

ያለ አንድ ተቃውሞ፣ ያለ አንድም ድምፀ ተአቅቦ፣ በመላው ሕዝብ ሙሉ ድምፅ የማከብርዎ፣

ዓለምዘውድ ገብረእግዚአብሔር
ጡረተኛ መምህርት

ማሳሰቢያ፦ ሰኞ ቦኖውን ሊነቅሉ የሚመጡት ሠራተኞች ሰፈሩ ባዶ መስሏቸው እንዳይደነግጡ አስቀድመው ይንገሩልኝ። የሌሉት ጎረቤቶቼ በሙሉ ጀሪካናቸውን ይዘው ቦኖውን ከበው ይጠብቋቸዋል። እርስዎም አብረው ቢመጡ መልካም ነው፤ ተሰልፈው ስለሚቆሙ ለመቁጠር አያስቸግሩም።