ጎብዬ ስትደርሺ

ሳምራዊት ልጄ፣ እመብርሃን በሄድሽበት ሁሉ ትቅደምልሽ። እኛ ደህና ነን፤ ማሽላውም ዘንድሮ ደህና ይዟል።

ለጉልበቴ ብለሽ ያስገጠምሽልኝ ቦይለር ግን ተበላሽቶ ነበር። የቧንቧ ውሃ ሲጠፋብን በውስጡ ያለውን ከሥሩ ከፍቼ በጀሪካን ቀዳሁት። መብራትም ስላልነበረ ማብሪያውን ማጥፋት ረሳሁ። መብራቱ ሲመጣ ባዶውን ግሎ የማሞቂያው ብረት ተቃጠለ። ጠጋኙ ዓወት ቀየረልኝና፣ «እማማ፣ መጀመሪያ ይሙላ፤ ከሙቁ ቧንቧ ውሃ ሲወርድ ያኔ ያብሩት» አለኝ።

በቆቦ ሙቀት ለእኔ ጉልበት ፀሐይ ያሞቀው ውሃ ይበቃዋል። ያሠራሁት ለአንቺ ነው፤ እዚያ ሙቅ ውሃ ለምደሻል። አሁን ሞልቼ አጥፍቼዋለሁ።

እግዚአብሔር መንገድሽን ያቅናልኝ። ለፋሲካ ብቅ ካልሽ፣ ቆቦ ሳትገቢ፣ ጎብዬ ከተማ ስትደርሺ ደውዪልኝ። ያኔ አበራዋለሁ፤ ቤት እስክትገቢ ይሞቃል።

እናትሽ ትርንጎ