ተለክቶ የተሰፋ ኮት

ጥቅምት 20
ሁለት ቀሚስ አጠበብኩ፣ አንድ ሱሪ አሳጠርኩ። ወገቤ የለም። ጎረቤቴ ዳቦ ጋጋሪዋ እንደ ልማዷ የሱቄ በር ላይ ቆማ ስትለፈልፍ ዋለች። የነፃነት በዓል ሊደርስ ነዋ!
«ያንቺ አባት ኮት ማረኩ፣ የኔ አባት ኮፍያ። ኮፍያ እኮ የሚማረከው ከነጭንቅላቱ ተይዞ ነው!»
ሳቅ ገደለኝ።
ልጄ አሥረኛ ክፍልን ወክላ በዓሉ ላይ ስለ አያቷ ልታነብ ነው። ኮቱን ለብሳ። ብል ስለበላው ልጠግነው ከሳጥን አወጣሁት። አባዬ፣ ነፍሱን ይማርና፣ ከባዕድ ወታደር ማረክሁት የሚለው ግራጫ ኮት…

ጥቅምት 22
ገበሩን ተረተርኩት። ምነው ባልተረተርኩት!
የግራው ትከሻ ጥጥ ድርብ ነው፣ የቀኙ ነጠላ። አባዬ ልጅ ሳለ ከጣሪያ ወድቆ ግራ ትከሻው ዝቅ ያለ ነበር። ልብስ ስሰፋለት በግራ በኩል ሁለት ጣት ጥጥ እጨምርለት ነበር። እዚህም ለካሁ። ሁለት ጣት።
ኋላ አስጠግኖት ይሆናል አልኩ። ክሩን አየሁ… የመጀመሪያው ክር ነው። ማንም አልነካካውም።
የተማረከ ኮት የማራኪውን ትከሻ እንዴት ያውቃል?
እንዲህ ያለውን ኮት ለባዕዳኑ ያደሩ የአገር ልጅ ዘበኞችም ይለብሱት ነበር ይባላል። ተለክተው…
መልሼ ሰፋሁት። ለማንም አልተነፈስኩም።

ጥቅምት 23
የሰው ሸሚዝ ላይ ኪሱን ገልብጬ ሰፋሁ። ሠላሳ ዓመት ሙሉ ሰፍቼ!

ጥቅምት 25
አክስቴ ጋ ሄድኩ። የአባዬ ታናሽ እህት፣ ከነሱ ዘመን የቀረችን እሷ ብቻ። ገና ኮት ስል ፊቷን አዞረች።
«የሞተ ሰው አትቀስቅሺ።»
«ልጄ ልታነበው ነው እኮ፣ እትዬ!»
«ታንብበዋ። ምን ይጎድልባታል?»
ዝም አልኩ። ዝም ሲሏት አትችልም፣ አውቃታለሁ።
«ሦስት ዓመት የባዕዳኑን በር ጠበቀ» አለች። «ውስጥ ሰው ሲገረፍ እሱ ውጭ ቆሞ ይሰማል። ያመጣውን እኛ እንበላለን። እኔም በልቻለሁ… ነፃነት የታወጀ ዕለት ጠዋት መንገዱ የተጣለ ኮትና ኮፍያ ብቻ ነበር። ከሰዓት በኋላ ሁሉም ማራኪ ሆነ።»
«እሱስ ለምን አልጣለውም?»
«በረደዋ» አለች።
ቀልድ መስሎኝ ነበር። አልሳቀችም።

ጥቅምት 28
ልጄ መስታወት ፊት ቆማ ትለማመዳለች። «አያቴ በጀግንነት…» ግራ ትከሻዋ ጉብ ብሏል።
«እማ፣ ይሄ ኮት ምን ሆኖ ነው የሚንጋደደው?»
መርፌ በከንፈሬ ይዤ ነበር። አወጣሁትና ሁሉንም ነገርኳት። አለቀሰች። ከዚያ ተቆጣች።
«ታዲያ ምኑን ነው የምናከብረው?»
ከስድስተኛ ክፍል ያቋረጥኩ ሴትዮ ምን ልመልስ? «እኔ እንጃ ልጄ። ውሸቱ ግን እኔ ጋ ይብቃ» አልኳት።
ወንድሜ ከልጄ ሰምቶ ደወለ። «የሞተ አባታችንን አደባባይ ልታሰጪው ነው?» ስልኩን ጆሮዬ ላይ ዘጋው።

ኅዳር 2
አነበበች። ኮቱን ለብሳ።
«ይህ ኮት አልተማረከም። አያቴን ለክተው ነው የሰፉለት። እኔ የማከብረው ያወለቀበትን ቀን ነው።»
አንድ ሰው እንኳን አላጨበጨበም። ዳይሬክተሩ ወዲያው ዘፈን አስከፈተ። ስንመለስ ዳቦ ጋጋሪዋ አይታን በሯን ዘጋች። ልጄ ቀና ብላ ትሄዳለች። እኔ ነኝ መሬት መሬት የማየው… አበላሸሁ ይሆን? አባዬስ ይቅር ይለኛል?

ኅዳር 5
ሦስት ቀን ደንበኛ ዝር አላለም። ዛሬ ዳቦ ጋጋሪዋ መጣች። አልለፈለፈችም። በጋዜጣ የተጠቀለለ ነገር ጠረጴዛዬ ላይ አስቀመጠች። ኮፍያው ነው።
«እስቲ ውስጡን እዪልኝ» አለች። «አባቴ ጭንቅላቱ ትልቅ ነበር። ገበያ ላይ የሚሆነው ኮፍያ አልነበረም። ይሄ ግን ልኩ ነበር።»
መቀሱን አነሳሁ። መልሼ አስቀመጥኩት።
«እርግጠኛ ነሽ?»
ወንበር ስባ አጠገቤ ተቀመጠች።