የሰሜሳ ላፕቶፕ አድራሻ

ማክሰኞ፣ ማርች 4
ሳቩሳቩ፣ የወደብ ከተማችን። ቀኑን ሙሉ ዝናብ። ቤት ውስጥ ሽማግሌዎቹ፣ እኔ፣ ሰሜሳ። ባሌ... የነበረው። ከገና ጀምሮ አጥሩን ተሻግሮ ከጎረቤቴ ከኡናይሲ ጋር ነው የሚኖረው። ዛሬ የዓሣ ነባሪ ጥርስ ይዞ ይቅርታ ሊጠይቅ መጣ። ብዙ ተናገረ፤ አለቀሰም። ጥርሱን ተቀበልኩ። የተቀበለ ቂም አይይዝም፤ ወጉ ነው።
"የኢንተርኔቱም ገመድ እንዳለ ይቆይለት" አሉ ትልቁ ሽማግሌ። "ጎረቤት ናችሁ፣ ልጄ።"
ከቤቴ ወደ ኡናይሲ ቤት የዘረጋሁት እኔ!

ረቡዕ፣ ማርች 5
ፀሐይ። ከምሠራበት ሆቴል ቆሻሻ ውስጥ ያነሳኋቸውን የመመሪያ ገጾች ደግሜ አነበብኩ። እያንዳንዱ ኮምፒውተር ከፋብሪካ ይዞት የሚወጣ አድራሻ አለው። ስዊቹ፣ ያቺ ገመዶቻችን የሚሰኩባት ሳጥን፣ የትኛው አድራሻ በየትኛው ቀዳዳ እንደተናገረ ትይዛለች። ለዚያ አድራሻ መልእክት ሲመጣ ወደዚያ ቀዳዳ ብቻ ትልካለች። ዝም ያለውን ትንሽ ቆይታ ትረሳዋለች። ሁለት ኮምፒውተሮች በአንድ አድራሻ ቢናገሩስ? መጨረሻ የተናገረውን ታምናለች። እንደ ሽማግሌዎቹ...
የሰሜሳን ላፕቶፕ የገዛሁለት እኔ ነኝ። አድራሻው ሆዱ ላይ ተለጥፏል፤ ያኔ ወረቀት ላይ ገልብጬዋለሁ። አሮጌው ኮምፒውተሬ ደግሞ የሌላ አድራሻ ልበስ ሲሉት ይለብሳል።
አመሻሽ ላይ ሞከርኩት። የራግቢ ጨዋታው መሃል ከአጥሩ ወዲያ የሰሜሳ ጩኸት፦ "ምን ሆነ ይሄ እርጉም!"
ኡናይሲ፦ "ከሚስትህ ቤት የሚመጣ ነገር መች ደህና ሆኖ ያውቃል?"
ሳቅሁ። ብቻዬን።

ሐሙስ፣ ማርች 6
ሰሜሳ አጥሩን ተደግፎ ጠራኝ።
"ሊሲ፣ ነገ ጠዋት ከአውስትራሊያ ለቃለ መጠይቅ በላፕቶፑ ይደውሉልኛል። ብርቱካን ለቀማ፣ ሦስት ዓመት። ዕድሉ አንዴ ነው። ገመዱን እይልኝ እባክሽ።"
"ኡናይሲ አታይልህም?"
"እሷማ የጫማዋን ክር ማሰር አቅቷታል!" ሳቀ። እንደ ድሮው።
አየሁለት። ገመዱ ደህና ነው። አሮጌው ኮምፒውተር ጠረጴዛው ላይ... ይቅርታውን ተቀብያለሁ። ተቀብያለሁ?

ዓርብ፣ ማርች 7
ደመና። ጠዋት ያደረግሁትን አልጽፍም።

እሑድ፣ ማርች 16
አልወሰዱትም። "ስንደውል መስመሩ ይቋረጣል" ብለው ሥራውን ለሌላ ሰጡ። ኡናይሲ ሳምንቱን ሙሉ ስትሰድበው ሰማሁ።
ዛሬ ከቤተ ክርስቲያን መልስ ለምሳ የካሳቫ ሥር ስልጥ አጥሩ ጋ መጣ።
"ሊሲ፣ ገመዱን አይተሽው ነበር አይደል?"
"አዎ።"
"እና?"
"ደህና ነበር።"
ትኩር ብሎ አየኝ። ዓይኔን አልሰበርኩም። ካሳቫዬን መላጥ ቀጠልኩ።
አውስትራሊያ ቢሄድ ኖሮ ሦስት ዓመት ሙሉ ፊቱን አላይም ነበር። አሁን በየማለዳው አየዋለሁ... እሱም የኔን።