ተራ ቁጥር 31

ማክሰኞ፣ ጥቅምት 4። ጠዋት

የእድሩን መዝገብ መገልበጥ ጨረስሁ። መቶ አሥራ ሁለት ቤተሰብ። ጣቴ ላይ ቀለም የለም፤ ሁሉም ኮምፒውተር ውስጥ ገብቷል። ዳዊት አጠገቤ ቆሞ ያያል። የሟች ጓደኛዬ ልጅ ነው፤ በእጄ አድጎ ኮምፒውተር ተምሮ የመጣ። ብሎክቼይን ማለት፣ ይለኛል፣ አንድ መዝገብ በብዙ ኮምፒውተሮች ላይ መቀመጡ ነው። አንዱ ሊደልዝ ቢሞክር ሌሎቹ ያጋልጡታል። አምና ከአሮጌው መዝገብ ሁለት ገጽ ተቀዶ ተገኝቶ አባላቱ ሊደባደቡ ነበር። ስለዚህ ወደዱት። ስም አይጻፍም። በስም ፈንታ እያንዳንዱ የማይረሳውን የምስጢር ቃል ይሰጣል።

ለጉባኤው ያስረዳሁት እኔ ነኝ። ጸሐፊያቸው ነኝ፣ ዕድሜዬን ጋዜጣ ላይ ጨርሻለሁ። አመኑኝ።

ያው ቀን፣ ከሰዓት

ደብተሬ፣ አንድ ነገር ልጻፍልሽ። ክርስቲያኑ አባል ሁሉ፣ ሳይመካከር፣ የምስጢር ቃል አድርጎ የሰጠው የክርስትና ስሙን ነው። ለባዕድ የማይነገር ስም ከዚህ ሌላ ምን አለ? እኔም የሰጠሁት የራሴን ነው። ሸጋ ሐሳብ መስሎኝ ነበር።

ዓርብ፣ ጥቅምት 7

ሐጂ ሰይድ ሱቅ። ጨርቅ ነጋዴ፣ የእድሩ ዳኛ፣ የአርባ ዓመት ወዳጄ። ስልኩን ዘረጋልኝ። መዝገባችን ነው። የይለፍ ቃል አልጠየቀውም። ልጁም ከፍቶታል፣ የልጁ ጓደኞችም። እያነበበ ይስቃል። ተ.ቁ. 31፣ አመተ ሚካኤል፤ ይህቺ ጎረቤቴ ወ/ሮ ሙሉ አይደለችም? ከየት አወቅህ አልሁት።

«ታማ የተኛች ጊዜ ቄሶቹ ሲጸልዩላት ስሟን በግድግዳ በኩል ስንቴ ሰማነው! የእናንተ ምስጢር እኮ በድምፅ ማጉያ ነው።»

እኔም ሳቅሁ። ከዚያ ቀጥሎ ያለውን አየሁ። ልጅ፦ አንዲት ሴት፣ የጡት ልጅ። ሳቄ ቆመ። እሱም ሳቁን ተወ።

ወ/ሮ ሙሉ መሃን ናት። ከጃናሞራ ስትመጣ የሦስት ወር ሕፃን ይዛ መጣች። በወጉ ጡቷ ላይ ማር ቀብታ፣ በሽማግሌ ፊት አጥብታ ልጇ አደረገቻት። ትዕግሥት ዛሬ ስምንተኛ ክፍል ናት። አታውቅም። አሮጌው መዝገብ ላይ የተጻፈው እድሩ ለሥጋ ልጅ እንደሚያደርገው እንዲያደርግላት ነው። መዝገቡ ገጽ ከተቀደደበት ወዲህ እኔ ቤት፣ ሣጥን ውስጥ፣ ተቆልፎ ነበር። ዳዊት ይህ ዓምድ ይቅር ብሎኝ አያውቅም። እኔም መዝገብ አይጎድልም ብዬ አንድም ሳላስቀር ገለበጥሁ።

ትዕግሥት የእናቷን የክርስትና ስም ታውቃለች።

ቅዳሜ፣ ጥቅምት 8

ዳዊትን ፒያሳ አገኘሁት። አጥፋው አልሁት። አይጠፋም። ሸፍነው። አይሸፈንም፤ እንዳይጠፋ አይደል የተሠራው? መዝገቡን ማንም ሊያነበው እንደሚችል ታውቅ ነበር ወይ ብዬ ጠየቅሁት። የአሠራሩ ሰነድ ላይ አለ አለኝ። የሰነዱን አማርኛ ትርጉም ያረምሁት እኔ ነኝ። ኮማ እንኳ አላለፈኝም። እንዲህ የሚል ዓረፍተ ነገር አላየሁም።

ደብተሬ፣ ማርጀቴ ይሆን?

እሑድ፣ ጥቅምት 9

ማርጀቴ አይደለም። የእንግሊዝኛው ቅጂ በሠራንበት ኮምፒውተር ላይ ቀርቷል። አሥራ አንድ ገጽ። እኔ ያረምሁት ዘጠኝ ነው። መዝገበ ቃላት ይዤ ተቀመጥሁ። የጎደሉት ገጽ ሰባትና ስምንት ናቸው። የሰው ጉዳይ እዚያ ላይ አይጻፍ ይላል። ጉዳዩ በባለቤቱ እጅ ይቀመጥ፤ ብሎክቼይኑ ላይ የሚገባው አለመነካቱን የሚመሰክር ማኅተም ብቻ ይሁን፤ የገባ አይወጣምና። ሌላ መንገድ ነበረ ማለት ነው። ተጽፎ ነበር።

ሦስት ጊዜ አነበብሁት። ስህተት ሰው ይሠራል፣ እኔም ሠርቻለሁ። ይህ ግን ስህተት አይደለም። ገጽ በራሱ አይወጣም።

ማክሰኞ፣ ጥቅምት 11

ገጾቹን ዳዊት ፊት አስቀመጥሁ። አልካደም። ያኛው መንገድ ሁለት ወር ይጨምራል፤ ሥራውን ሊያዩ የሚመጡ እንግዶች ነበሩበት።

«ብነግርዎ እሺ አይሉም ነበር፣ ጋሼ።»

እውነቱን ነው። እሺ አልልም ነበር። ስለዚህ አልነገረኝም። የእኔን ስም ይዞ ገባ፤ ሰዉ እሱን ሳይሆን እኔን አመነ። አልጮኽሁም። ገጾቼን ሰብስቤ ወጣሁ። አባቱን አሰብሁ፣ ከዚያ ማሰቡንም ተውሁ።

ረቡዕ፣ ጥቅምት 12። ሚካኤል

ሙሉን ከቤተ ክርስቲያን ስትመለስ ጠብቄ ነገርኋት። ሁሉንም፤ የዳዊትንም የኔንም። ነጠላዋን አልነካችም፣ አላለቀሰችም።

«ምነው አያ ደረጀ፣ እርስዎ ጻፉት?»

ተጽፎ ስላገኘሁት አልኋት። እንደማይጠፋ ሁለት ጊዜ አስረገጠችኝ። ወልጄሻለሁ ብያት አላውቅም፣ አልወለድሁሽም ብያትም አላውቅም አለች። ቀጠለች፦

«ከስልክ ከምትሰማው ከኔ ትስማው። እርስዎም ይኖራሉ። የጻፈው ሰው ይኑር።»

ቅዳሜ። ትምህርት በሌለበት ቀን እንድንነግራት ተስማማን።

ዓርብ፣ ጥቅምት 14

ሐጂ ሰይድ መጣ። ተማሪዎቹ፣ የልጁ ጓደኞች፣ የክርስትና ስም እየፈለጉ ይህ የማን እናት ነው እየተባባሉ ይወራረዳሉ አለኝ። እስካሁን ተራ ቁጥር ሃያዎቹ ላይ ናቸው። ነገ ሳንነግራት 31 ላይ ይደርሱ ይሆን?

ለእድሩ ደብዳቤ ጻፍሁ፦ አዲስ መስመር አይገባም፤ የሆነውን በጉባኤ ቆሜ እናገራለሁ፤ ከዚያ ጸሐፊነቱን ለሌላ ስጡ። ሐጂው አንብቦ የመጨረሻዋን ዓረፍተ ነገር ሰርዝ አለኝ። አልሰረዝሁም።

ቅዳሜ፣ ጥቅምት 15። 3 ሰዓት

ሙሉ ደወለች። ልጅቷ ቤት ናት፣ ፀጉሯን እየተሠራች። ምንም አልሰማችም። መጀመሪያ እርስዎ ይናገሩ፣ እኔ አፌ አይከፈትም አለችኝ።

አራት መግቢያ ጽፌ አራቱንም ቀደድሁ። በስንት ሰው ሐዘን ላይ መግቢያ ስጽፍ ኖሬያለሁ። ለዚህ አይሆንም። እንዲህ ብቻ እላታለሁ፦ ትዕግሥት፣ ስለ አንቺ የተጻፈ ነገር አለ። የጻፍሁት እኔ ነኝ። ሳትፈቅጂ ነው የጻፍሁት። ምን እንደሆነ እናትሽ ትነግርሻለች፤ ተቆጪ ካለሽ ግን በኔ…

ሐጂው መኪና ይዞ በር ላይ ነው። ልሂድ።