ሳይበላሽ የተሸጠው

ይድረስ ለባለቤቴ እናት፣ ለእኔም ለእናቴ፤

እንዴት ሰነበቱልኝ እማማ? ጉልበትዎ እንዴት ነው? ደረጃው ከበደኝ ሲሉ ነበር፤ ታች ወዳለው ክፍል ተዛወሩ ወይስ አሁንም እንደተሟገቱ ነው? ዓይንዎስ? ይህን ደብዳቤ ማን እንደሚያነብልዎ አላውቅም። የባለቤቴ እህት ከሆነች ትቀጥል፤ እሷም ልትሰማው የሚገባ ነገር አለበት። ጎረቤት ከሆነ ግን እባክዎ እዚህ ላይ አስቁመው እሷ እስክትመጣ ያቆዩት።

እኛ አለን። የልጅ ልጅዎ በቁመት እኔን ልትደርስ ነው። ጸጉር ቤቴንም አልዘጋሁም። ልጅዎ ይበላል፣ ይተኛል፣ በረንዳ ላይ ፀሐይ ይሞቃል። ደህና ነው ብዬ ግን አልዋሽዎትም፤ የጻፍኩትም ለዚሁ ነው።

ባለፈው ስልኩን ጆሮው ላይ ዘጉበት። ከዚያ ወዲህ እኔ ስደውልም አላነሱም። እህቱ እንደነገረችኝ፣ "በአባቱ ሞት የሚቀልድ ልጅ አልወለድኩም፤ ሰካራም ሆኗል ሲሉኝ አላምንም ነበር፣ አሁን በጆሮዬ ሰማሁት" ብለዋል። እማማ፣ እኔ አጠገቡ ቆሜ ነበር። "አባዬ እንዴት ነው? እስቲ አገናኚኝ" ሲልዎ ሰምቻለሁ። ፊቱንም አይቻለሁ። ቀልድ አልነበረበትም። መጠጥም አልነበረም፤ አንድ ብርጭቆ እንኳ ጨርሶ የማያውቅ ሰው መሆኑን ከእርስዎ በላይ ማን ያውቃል? ስልኩ ሲዘጋበት ግራ ገብቶት ወደ እኔ ዞረና፣ "መስመሩ ተቆረጠ፤ አባዬ ሥራ ላይ ይሆናል" አለኝ። የአባቱን ሬሳ ሣጥን ከፊት በኩል የተሸከመ ሰው ነው እንዲህ ያለኝ።

በእርስዎም አዝኛለሁ፤ ይህን ሳልናገር ባልፍ ሆዴ አይሽርም። ራዲዮን አምነው ልጅዎን አላመኑትም። ግን እርስዎ ልጅዎን ያዩት በጋዜጣ ነው፤ ከጨዋታ በኋላ ወደ ቤት የሚመለሰውን ሰው ያየሁት እኔ ነኝ። ስለዚህ ከመጀመሪያው ልንገርዎ።

የሲሚንቶ ፋብሪካው ቡድን ሲወስደው እኔ ከፋብሪካው በር ፊት ለፊት ጸጉር ቤት ተቀጥሬ እሠራ ነበር። ተጫዋቾቹ ጸጉራቸው በአቧራ ደርቆ ይመጡ ነበር። ልጅዎ ሲመጣ ግን ማበጠሪያዬ እብጠት ላይ እየተሰናከለ ያስቸግረኛል። ምንድነው ስለው ይስቃል። ለካ አሰልጣኙ ከማዕዘን የሚመጣ ኳስ ሁሉ የሱ ግንባር ድርሻ ነው ብሎ ወስኗል። ኳሱን ውኃ ውስጥ ይዘፈዝፍና ከግቡ አግዳሚ ብረት ላይ በገመድ ያንጠለጥለዋል፤ ጓደኞቹ ታጥበው ወደ ቤታቸው ሲሄዱ እሱ ብቻውን እየዘለለ ሲገጭ ይቀራል። "ጭንቅላትም እንደ ጡንቻ ነው፣ ሲሠራ ይጠነክራል" ይለው ነበር ያ ደነዝ። "መዶሻ" ብሎ ስም ያወጣለትም እሱ ነው። ስሙ ተወደደለትና በየሄደበት ተከተለው። እኔም መጀመሪያ ኮርቼበት ነበር፤ የመዶሻ እጮኛ መባል ያስደስተኝ ነበር። አሁን መንገድ ላይ አንዱ ያንን ስም ሲጠራ ስሰማ ወደ ሌላው ዳር እሻገራለሁ።

ከተጋባን በኋላ የወደቡ ቡድን ወሰደው። እዚያ አምበል ሆነ። ቤታችን ጠባብ ነበረች፣ በመስኮቷ የመርከቦቹ ማራገፊያ ክሬኖች ይታያሉ፤ ልጃችንም እዚያ ተወለደች። ደስ ብሎን ኖረናል፣ ይህን አልክድም። ታዲያ አንድ ቀን ከራሳቸው ግብ ጠባቂ ጋር ተጋጭቶ ወደቀ። ልጄን ታቅፌ ከተጫዋቾቹ ሚስቶች ጋር ተቀምጬ ነበር። አልተነሳም። ወጌሻው ውኃ ደፋበት፣ የሆነ የሚከረፋ ጠርሙስ አፍንጫው ሥር ያዘለት። የወደቡ አሰልጣኝ ጎንበስ ብሎ ጣቶቹን አሳየውና "ስንት ነው?" ብሎ ጠየቀው። ይህን በኋላ የነገረኝ ወጌሻው ነው፤ ያውም እየሳቀ። ልጅዎ "እሁድ ነው" ብሎ መለሰ። አሰልጣኙም "ይኸው፣ ቀኑን ሳይቀር ያውቃል! ግባ!" አለውና ሁሉም በሳቅ ፈረሱ።

ቀኑ ቅዳሜ ነበር።

ራሱን በፋሻ ጠቅልለው መለሱት፤ በዚያው ግንባሩ ገጭቶ ግብ አገባ፣ አሸነፉ። ወደ ቤት ስንሄድ "ማን አሸነፈ?" አለኝ። ነገርኩት። ጥግ ዞር እንዳልን መልሶ ጠየቀኝ። ቤት ስንገባም ጠየቀኝ። ድካም ነው አልኩ፤ ሁሉም ድካም ነው ይሉ ነበርና።

የዚያን ቀን ከራሱ ላይ የተፈታው ፋሻ የት እንደገባ ያውቃሉ? አንድ የመጠጥ ቤት ባለቤት ከወጌሻው ተቀብሎ፣ በመስታወት ፍሬም አስገብቶ ግድግዳው ላይ ሰቀለው። እኔንም በኩራት ጠርቶ አሳየኝ። ደሙ ጠቁሯል፣ ጥቂት ጸጉርም ተጣብቆበታል። ጸጉሩን አውቀዋለሁ፤ የምቆርጠው እኔ ነኝ። ደጋፊዎቹ ወደ ሜዳ ከመሄዳቸው በፊት መስታወቱን እየሳሙ ይወጣሉ፣ መስታወቱ በከንፈር ወዝ ተጨማልቋል። እማማ፣ እዚያው በሩ ላይ አስመለሰኝ። ባለቤቱ እርጉዝ መስዬው "እንኳን ደስ ያለሽ" አለኝ።

ከዚያ የባንኩ ቡድን ገዛው። እነዚህ ደግሞ ንጹሐን ናቸው፤ መልበሻ ክፍላቸው ምንጣፍ አለው፣ ሰው ሲያናግሩ ድምፃቸውን ዝቅ ያደርጋሉ። እዚያ ሳለን ነው ነገሩ የጀመረው። ግብ ጠባቂውን በድሮው ግብ ጠባቂ ስም ይጠራል። መኪናውን ገበያ ትቶ በእግሩ ይመጣና ተሰረቅኩ ይላል። የክለቡ ሐኪም ጭንቅላቱን በማሽን አስነሳው። ውጤቱን ስንጠይቅ "ምንም የለበትም፣ ዕረፍት ነው የሚያስፈልገው" ተባልን። ዕረፍቱ ግን አልመጣም፤ ውድድሩ ገና ግማሽ ላይ እያለ ለከተማው ቡድን ሸጡት። ጥሩ እየተጫወተ ነበርና ምክንያቱ ሊገባን አልቻለም።

ምክንያቱን የነገረችኝ የባንኩ ቡድን መሪ ሚስት ናት። ጸጉሯን እኔ ነበርኩ የምሠራላት። አንገቷን ወደ መታጠቢያው አጋድማ፣ ዓይኗን ጨፍና፣ ሙቅ ውኃው ደስ እያላት ወሬ ታወራ ነበር። "ባሌ እኮ ብልህ ነው" አለችኝ። "ያ መዶሻ የሚሉትን፣ ሐኪሙ ጭንቅላቱ ደህና እንዳልሆነ ሲነግረው፣ ወሬው ሳይወጣ ቶሎ አሰናበተው። ሳይበላሽ ሸጥነው ይላል።" የማን ሚስት እንደሆንኩ ረስታዋለች ወይም ጭራሽ አውቃ አታውቅም፤ ለነሱ እኔ እጅ ብቻ ነኝ። እንደ ቲማቲም እኮ ነው እማማ! ሳይበላሽ ሸጥነው! ጣቶቼ ጸጉሯ ውስጥ ናቸው፣ ሳሙናው እየተንፏቀቀ ወደ ክንዴ ይወርዳል። ውኃውን ላፈላባት እችል ነበር። አጥቤ፣ አድርቄ፣ ጠቅልዬ ሸኘኋት። ሴትየዋ ከሄደች በኋላ እጄን ስፈትግ፣ ስፈትግ፣ አብራኝ የምትሠራው ልጅ መጥታ ቧንቧውን ዘጋችብኝ።

ለባለቤቴ ነገርኩት። "ሰው ያወራል" አለኝ። "ኳሱን እንደሆነ አሁንም እመታዋለሁ።"

የከተማው ቡድን ልጆች ሲቀበሉት "ጋሼ" ይሉት ነበር፤ አክብሮት መስሎኝ። አንድ ጊዜ ታኬታውን ረስቶ ላቀብለው የሄድኩ ቀን አየኋቸው። መልበሻ ክፍሉ በር ላይ ክብ ሠርተው "ጋሼ፣ ያቺን ቀልድ ንገረን" ይሉታል። ይነግራቸዋል። ይስቃሉ። ትንፋሽ ሳይወስዱ ሌላው "ጋሼ፣ አንድ ቀልድ አታውቅም?" ይለዋል። ያንኑ ቀልድ እንደ አዲስ ይጀምራል፣ በዚያው እጅ አወዛወዝ፣ በዚያው ፈገግታ። አንዱ በስልኩ ይቀርጻል። ስንት ጊዜ እንደሚደግመው ተወራርደው ኖሯል። ልጅዎ ደግሞ ሁሉም ስለሳቁለት ደስ ብሎታል! እኔን ሲያይ "ነይ፣ እነዚህ ልጆች ይወዱኛል" አለኝ። ታኬታውን ወለሉ ላይ ጣልኩላቸውና ይዤው ወጣሁ። የላብና የቅባት ሽታ የነበረው ያ ክፍል እስካሁን ከአፍንጫዬ አልወጣም።

ከዚያ በኋላ እንዳይጫወት ለምኜ አስማልኩት፤ ክለቡም ለመሸኛው ትልቅ ዝግጅት አዘጋጀ። በራዲዮ የሰሙት ይህንኑ ነው። ሜዳው ጢም ብሏል። አበባ ሰጡት፣ ማይክራፎን ሰጡት። የሚናገረውን ቤት ውስጥ ስንት ጊዜ አለማምጄው ነበር። ቆመና ሕዝቡን ዞር ዞር ብሎ አየ፣ ከዚያ ሞቅ ባለ ድምፅ፣ "የወደብ ልጆች! ከእናንተ ሌላ ቡድን የለኝም!" አለ።

የከተማው ሰው ወደቦችን እንዴት እንደሚጠላ ያውቃሉ። ወዲያው ጠርሙስ ይወርድ ጀመር። እሱ ግን የሚወረወርለት አበባ መስሎት እጁን እያወዛወዘ ይስቅ ነበር። የክለቡ ፕሬዚዳንት ማይክራፎኑን ከእጁ በሁለት ጣቱ ቆንጥሮ ወሰደበት፤ የሞተ አይጥ የሚያነሳ ነበር የሚመስለው። እየሮጥኩ ወርጄ ኮቴን ራሱ ላይ አለበስኩት። "ለምን ትሸፍኝኛለሽ? ያዩኝ እንጂ" አለኝ። በማግስቱ ራዲዮው "ጠጥቶ መጥቶ ክለቡን ሰደበ" አለ። ልጃችን ትምህርት ቤት ይህንኑ የደገመባትን ልጅ ደብድባ ወላጅ አምጪ ተባለች። ሄድኩ። ይቅርታ አልጠየቅኩም።

ነገሩ በዚህ አላበቃም። በሳምንቱ ከወደቡ ቡድን ሽማግሌ መሰል ሰዎች ማልያና ዋንጫ ይዘው መጡ። በጠላት ሜዳ ስላሞገሰን በሚቀጥለው ጨዋታ ሜዳውን እናዙረው፣ ሕዝቡ ይየው አሉ። ከመካከላቸው ያ ጣቱን ያሳየው አሰልጣኝ ነበረበት፤ አርጅቷል፣ ሶፋዬ ላይ ተንፈላሶ ሻዬን ይጠጣል። "መዶሻችን፣ ታስታውሰኛለህ?" ይለዋል። ልጅዎ በትሕትና "አዎ፣ አዎ" ይላል፤ ማንንም እንዳላወቀ ዓይኑ ይነግረኛል። ሰውየው ግን አላየም፤ ወይ ማየት አልፈለገም። ብርጭቆውን ከእጁ ተቀበልኩትና "ቀኑ ምንድነው ዛሬ?" አልኩት። አልገባውም። በሩን ከፈትኩላቸው። ማልያቸውን የወለል መወልወያ አድርጌዋለሁ፤ ለዚያ እንኳ አይረባም፣ ውኃ አይመጥም።

ጠላሁ እማማ። ኳስ የሚባል ነገር ጠላሁ፣ ጭብጨባ ጠላሁ፣ ሰው ጀርባውን መታ መታ እያደረገ "ጀግና" ሲለው ያንገፈግፈኛል። ሌላ ሐኪም ዘንድ ወስጄዋለሁ። ያለኝን እዚህ ላይ አልጽፈውም፤ ሲመጡ ፊት ለፊት እነግርዎታለሁ።

ይምጡልኝ። የምለምንዎ ይህንን ነው። ድምፅዎን አውቆታል፤ ሲደውል "እማዬ" ያለው አፉን ሞልቶ ነው። ልጃችንንም አሁንም በስሟ ይጠራታል። ስለ አባቱ ቢጠይቅዎ ሞቷል አይበሉት። አንድ ቀን እኔ ነገርኩትና እንደ አዲስ መርዶ ሰምቶ ሲያለቅስ ዋለ፤ ወዲያው ደግሞ ረስቶት ሲያበቃ ዓይኑ ለምን እንዳበጠ ጠየቀኝ። ሥራ ላይ ነው ይበሉት፣ ይበቃዋል። ደረጃ የለብንም፤ ምድር ቤት ነን። አልጋዎን ፀሐይ በሚገባበት ክፍል አነጥፌያለሁ።

እንዳይደነግጡ ግን አንድ ነገር አስቀድሜ ልንገርዎ። ልጅዎ ከሰሞኑ አንቱ ይለኛል። ቁርስ ሳቀርብለት ከወንበሩ ብድግ ብሎ "ለምን ይቸገራሉ? ይቀመጡ እንጂ" ይለኛል። ትናንት የሸሚዙን አንገት ስቆልፍለት ትንሽ አፈረና "ይቅርታ ያድርጉልኝ፣ ባለትዳር ነዎት?" አለኝ። አዎ አልኩት። "ባለቤትዎ የታደለ ነው" አለኝ።

የማያውቃትን ሴት እንዲህ የሚያከብር ልጅ ነው ያሳደጉት። አንድም ቀን አመስግኜዎት አላውቅም፤ አሁን አመሰግናለሁ።

ፈጣሪ ጉልበትዎን ያበርታልኝ፣ መንገድዎን ያቅናልኝ፣ በደህና ያገናኘን።

አሁንም ምራትዎ